ኢንዳክሽን ስቶቬ በግራ በኩል ብቻ «ሙቀት በዛ» እያለ ይጠፋል፤ ከየት ልጀምር?

እመቤት_ኩሽና

ሰላም ለሁላችሁ። ካውንተር ላይ የተገጠመ ባለ አራት ማብሰያ ኢንዳክሽን ስቶቭ ነው ያለኝ። ለረጅም ጊዜ ያለ ምንም ችግር ሲሠራ ቆይቷል። አሁን ግን የግራዎቹ ሁለት ማብሰያዎች ሩብ ሰዓት ያህል ከሠሩ በኋላ በራሳቸው ጊዜ ኃይል ይቀንሳሉ፣ ሲፈላ የነበረው ድስት ዝም ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ጭራሽ ይጠፉና ስክሪኑ ላይ የስህተት ኮድ ይመጣል። መመሪያው ላይ ሳየው ኮዱ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ማለት ነው። ትንሽ ካሳረፍኩት እንደገና ይሠራል፣ ከዚያ ያው ነው። የቀኞቹ ሁለቱ ግን ምንም አልሆኑም።

ጠጋኝ ጠርቼ ነበር። ሳይከፍተው ቆሞ አይቶ «ቦርዱ ነው፣ ይቀየር» ብሎኝ ሄደ፤ ውስጡ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ማለቱ ነው። የቦርዱ ዋጋ ደግሞ ከአዲስ ስቶቭ ብዙም አይርቅም። ከመግዛቴ በፊት ራሴ ማየት የምችለው ነገር ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ካቻቪቴ

እመቤት፣ ቦርድ እንዳትገዢ። ቢያንስ አሁን አትግዢ። እኔ የምሠራው ይህንኑ ሥራ ነው፤ «ሙቀት በዛ» ተብሎ የሚመጣልኝ ስቶቭ አብዛኛውን ጊዜ አየር ያጣ ነው፣ የተቃጠለ ነገር የለውም።

ስቶቩ ሙቀት የሚለካው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ሴንሰር ከመስታወቱ ሥር፣ የመዳቡ ኮይል (የሽቦ ጥቅል) መሃል ላይ ተቀምጦ የድስቱን ቂጥ ሙቀት በመስታወቱ በኩል ይለካል። ሁለተኛው ታች ቦርዱ ላይ ነው። አይጂቢቲ የሚባሉት ትራንዚስተሮች ሂት ሲንክ የሚባል ሙቀት የሚያበርድ ትልቅ ባለ ክንፍ አሉሚኒየም ላይ ተጣብቀዋል፣ ሴንሰሩም እዚያው አጠገባቸው አለ። ከሁለቱ የትኛው እንደጮኸ ሳይለይ ዕቃ መቀየር ገንዘብ መበተን ነው።

ለመለየት ካቻቪቴ እንኳ አያስፈልግሽም። ቂጡ ጠፍጣፋ የሆነ ድስት ውሃ ሙዪና በከፍተኛ ደረጃ አስቀምጪው። ውሃ እስካለበት ድረስ የድስቱ ቂጥ ከመፍያው ሙቀት ብዙም አይርቅም፣ ስለዚህ የላይኛው ሴንሰር የሚጮህበት ምክንያት የለውም። ውሃ ሞልቶበትም ሩብ ሰዓት ቆይቶ ከጠፋ፣ የጋለው የታችኛው ነው። ውሃ ሲሆን ችግር ከሌለ፣ በመጥበሻ ሲሆን ብቻ ከጠፋ ደግሞ መጥበሻውን ጠርጥሪ። ገና ቀዝቃዛ ሆኖ እንዳበራሽው ኮዱን የሚያመጣ ከሆነ ያኔ የሚዋሸው ሴንሰሩ ራሱ ነው፤ ያልሞቀ ነገር ሞቀ ሊል አይችልምና።

ከዚያ ሁለት ጥያቄ። ከስቶቩ ሥር ምን አለ፣ መሳቢያ፣ ኦቨን ወይስ ባዶ ካቢኔ? ሲሠራ የፋኑ ድምፅ በሁለቱም በኩል እኩል ይሰማል?

ቮልት

ከወንድሜ ካቻቪቴ ጋር አልስማማም። አንድ ወገን ብቻ ከሆነ የዚያ ወገን አይጂቢቲ ደክሟል ማለት ነው። ሲደክሙ ይግላሉ። እኔ ብሆን በቀጥታ እቀይረዋለሁ።

ካቻቪቴ

ቮልት፣ አይጂቢቲ ሲሞት እንደዚህ አይሞትም። አብዛኛውን ጊዜ ሾርት ያደርጋል፤ ፊውዙን ይዞ ይሄዳል ወይም ብሬከሩን ይጥላል፣ ከዚያ በኋላ ያ ወገን ጨርሶ አይነሳም። ይሄኛው ግን ሩብ ሰዓት በሙሉ ኃይል ሠርቶ፣ ቀስ ብሎ ኃይል ቀንሶ፣ ጠፍቶ፣ ካረፈ በኋላ ተመልሶ ይሠራል። ይህ ራሱን የሚጠብቅ ጤነኛ ቦርድ ጠባይ ነው። ቦርዱ ሙቀቱን አይቶ መጀመሪያ ኃይል ይቀንሳል፣ አልበርድ ሲለው ያጠፋል። የተሠራው እንዲህ እንዲያደርግ ነው።

አንድ ወገን ብቻ መሆኑ ግን ጥሩ ፍንጭ ነው፣ እሱ ላይ እስማማለሁ። ብዙ ባለ አራት ስቶቮች ውስጣቸው ሁለት የኃይል ቦርድ ነው ያለው፣ አንዱ ለግራ አንዱ ለቀኝ። ብዙ ጊዜ ፋናቸውም የየራሳቸው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ግራው ሂት ሲንክ ላይ አየር ለምን አልደረሰም የሚል ነው።

ጸሐይ_ልጅ

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። ኢንዳክሽን ድስቱን ብቻ ነው የሚያሞቀው ሲባል ነው የምሰማው። ታዲያ ውስጡ ለምን ይግላል?

ካቻቪቴ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮይሉ በሰከንድ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ የሚገላበጥ ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል። ያ መስክ የድስቱ ቂጥ ብረት ውስጥ ኤሌክትሪክ ያሽከረክራል፣ ብረቱም በዚያ ይግላል። እስከዚህ እንዳልሺው ነው። ግን ያን ሁሉ ኤሌክትሪክ በዚያ ፍጥነት የሚያበሩትና የሚያጠፉት አይጂቢቲዎች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ማብራትና ማጥፋት ትንሽ ትንሽ ይባክናል። 2000 ዋት ላይ 5 በመቶ ብቻ ቢባክን 100 ዋት ነው። የድሮ ባለ 100 ዋት አምፖል በተዘጋ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ሲበራ አስቢው፤ ፋን ከሌለ ያ ሳጥን ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። ኮይሉ ራሱም ይሞቃል። ከላይ ደግሞ የጋለው ድስት መስታወቱን መልሶ ያሞቀዋል። ሦስቱም የሚወጡት በአንድ ፋን ነው።

እመቤት_ኩሽና

እንዳልከኝ የውሃውን ሞከርኩ። ትልቁን ድስት ሞልቼ ግራ ላይ ጣድኩት። ፈላ፣ ቆየ፣ ከዚያ እየፈላ ሳለ ኃይሉ ሲወርድ አየሁት፣ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ያንኑ ድስት ወደ ቀኝ ሳዞረው ምንም አልሆነም።

ከሥሩ መሳቢያ አለ። ሌላኛው ጥያቄህ ላይ፣ ፋኑ በሁለቱም በኩል ይሰማል ግን የግራው ድምፁ ወፍራም ነው፣ እንደሚታገል ዓይነት። መሳቢያው ውስጥ የድስት ክዳኖች፣ ፎይል፣ የፕላስቲክ ከረጢቶች አሉ። አስወጥቼው ከታች በስልኬ መብራት ወደ ላይ ሳበራ፣ አንድ ስስ ከረጢት በግራ በኩል ያለው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ላይ ተለጥፎ አየሁ። ጠርዙ በፋኑ ትንፋሽ ይርገበገባል። ነቅዬ ጣልኩት።

ካቻቪቴ

ይኸው! ፋኑ አየር የሚስበው ከሥር ነው፣ ቀላል ነገር ካገኘ ወደ ራሱ ይስበዋል። ከረጢትም፣ ወረቀትም፣ ስስ ጨርቅም። ለዚህ ነው የአብዛኞቹ ስቶቮች መመሪያ ከሥር ክፍተት ይኑር የሚለው፤ ብዙ ጊዜ መሳቢያው ውስጥ ባለው ዕቃና በስቶቩ ሆድ መካከል ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጠየቃል፣ ያንቺን ቁጥር መመሪያው ላይ ታገኚዋለሽ። የገባው አየር የሚወጣበትም መንገድ መዘጋት የለበትም። ከካውንተሩ ፊት ለፊት ሥር ያለውን ስስ ክፍተት ብዙ አናጢዎች ለማሳመር ብለው ይደፍኑታል፤ ያኔ የወጣው ሙቅ አየር ዞሮ ተመልሶ ይገባል፣ ፋኑ የራሱን ትንፋሽ ይተነፍሳል።

አሁን ያንኑ የውሃ ሙከራ መሳቢያውን አውጥተሽ ድገሚ። ካልጠፋ አበቃ። ከጠፋ እንቀጥላለን፣ ምክንያቱም ያ ወፍራም ድምፅ አላማረኝም።

ዳዊት_ከፎቅ

እኔም ተመሳሳይ ጣጣ አለብኝ፣ ግን የኔ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ባለ አንድ ማብሰያ ነው። የአሉሚኒየም ድስቶቼን ለመጠቀም ብዬ ከሥራቸው የሚቀመጥ የብረት ሳህን ገዝቻለሁ፣ ለኢንዳክሽን ማስማሚያ ተብሎ የሚሸጠውን። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ያጠፋብኛል። ያለ ሳህኑ በሌላ ድስት ግን ይሠራል። ስቶቩ ነው ሳህኑ?

ባለመዳብ

ሳህኑ ነው ወንድሜ፣ ጥርጥር የለውም። የሚግለው ሳህኑ ነው፣ ድስቱ አይደለም። ሳህኑ ሙቀቱን ለድስቱ በደንብ ማስተላለፍ አይችልም፤ በመሃላቸው ስስ አየር አለ፣ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ፍጹም አይገጥሙም። ስለዚህ ሳህኑ እየነደደ ሙቀቱን ወደ ታች ወደ መስታወቱ ይመልሳል፣ የላይኛው ሴንሰርም በትክክል ይጮሃል። ብዙ አምራቾች አትጠቀሙበት ይላሉ፣ ልክ ናቸው። ሳህኑ ሊጣመምም መስታወቱንም ሊጎዳ ይችላል። ሴንሰሩን ለማታለል የሚሞክር ሰውም አይቻለሁ፤ ተው፣ ያ ሴንሰር እሳት እንዳይነሳ የተቀመጠ ነው።

ማግኔት ይዘህ ድስት ምረጥ። ማግኔቱ ቂጡ ላይ ጠበቅ አድርጎ ከያዘ ይሆናል። ለስለስ አድርጎ ከያዘ፣ ወይም መሃሉ ላይ ብቻ ከያዘ፣ ይሠራል ግን ስቶቩን ያለፋዋል። ከሥር ጨርቅ ወይም የላስቲክ ምንጣፍ ካለም አንሳው። የጠረጴዛ ስቶቮች ሆዳቸው በኩል ነው አየር የሚስቡት፣ አጭር እግራቸው ጨርቁ ውስጥ ሲሰምጥ ቀዳዳው ይዘጋል።

ጸሐይ_ልጅ

መስታወቱ እንዳይጫር ብዬ በድስቱና በመስታወቱ መሃል የሲሊኮን ምንጣፍ ነው የማደርገው። እሱም ችግር አለው?

ባለመዳብ

ለቀላል ማፍላት ብዙም ችግር አይፈጥርም ይሆናል። ዘይት ለማጋል ግን በፍጹም። ሴንሰሩ የድስቱን ሙቀት የሚያውቀው በመስታወቱ በኩል ነው፣ ምንጣፉ ዜናውን ያዘገይበታል። ባዶ መጥበሻ በከፍተኛ ኃይል ላይ በጣም በፍጥነት ይግላል፤ ሴንሰሩ እስኪሰማ ዘይቱ መጨስ ጀምሯል። የተጣመመ መጥበሻም ያው ነው። መሃሉ ወደ ላይ ካበጠ ሴንሰሩ ያለበት ቦታ አይነካም፣ ዘግይቶ ይሰማል፣ አንዳንዴ ደግሞ ዳሩ ብቻ ይግልና መስታወቱ በማይሆን ቦታ ይሞቃል። መጥበሻውን ገልብጠሽ ቂጡ ላይ ማስመሪያ አስቀምጪና ከሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ እዪ።

እመቤት_ኩሽና

መሳቢያውን አውጥቼ ደገምኩት። ለውጥ አለው፣ በጣም ለውጥ አለው። ግማሽ ሰዓት አለፈው። ግን መጨረሻ ላይ ኃይሉ ወረደ። አልጠፋም፣ ወረደ ብቻ። የፋኑ ወፍራም ድምፅም እንዳለ ነው።

ካቻቪቴ

እንግዲህ መከፈት አለበት። ዋስትናው ካላለቀ አትክፈቺው፣ ያንን ጠጋኝ ሳይሆን የአምራቹን ሰው ጥሪ። ካለቀ፣ ይህን ልብ ብለሽ አንብቢ።

ብሬከሩን አጥፊ። ስቶቩን በንክኪ ቁልፉ ብቻ ማጥፋት ማጥፋት አይደለም። ብሬከሩን ከማጥፋትሽ በፊት ግን የሞቀ ከሆነ ፋኑ በራሱ እስኪቆም ጠብቂ፤ ከጠፋ በኋላ እየዞረ የሚቆየው ውስጡን ለማብረድ ነው። ከዚያ የኤሌክትሪኩን ገመድ የሚፈታው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢሆን እመርጣለሁ። በ230 ቮልት የሚሠራ ስቶቭ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት) እስከ 325 ቮልት ገደማ ይይዛሉ፣ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ። ከነቀልሽው በኋላ ብዙ ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያም ቢሆን የቦርዱን ብየዳ በባዶ እጅ አትንኪ። ሥራ ላይ እያለ ደግሞ መልቲሜትር ወደ ውስጥ እንዳታስገቢ፣ ቦርዱ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ተነጥሎ የተሠራ አይደለም።

ለሁለት ሰው ሆናችሁ አንሱት። መስታወቱ ከላይ ሲመታ ብዙ ይችላል፣ ጠርዙ ላይ ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል። ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጡት። ዙሪያውን ያሉትን ብሎኖች ፈትተሽ መስታወቱን ስታነሺ ኮይሎቹን ታያለሽ፣ ብዙ ጊዜ በስፕሪንግ ነው የተቀመጡት። ሽቦ ከመንቀልሽ በፊት ፎቶ አንሺ።

የምትፈልጊው ሁለት ነገር ነው። የሂት ሲንኩ ክንፎች መሃል ያለው አቧራ፣ እና ፋኑ። የኩሽና አቧራ የሳሎን አቧራ ዓይነት አይደለም፤ የዘይት ጭስ ገብቶበት ይጣበቃል፣ በትንፋሽ አይወጣም። ደረቅ ለስላሳ ብሩሽና ቫኪዩም ተጠቀሚ። ቫኪዩሙ ፋኑን በኃይል እንዳያሽከረክረው ክንፉን በጣትሽ ያዢው። ከዚያ የሁለቱንም ፋኖች ክንፍ በጣትሽ ገፋ አድርጊና አወዳድሪ። ጤነኛው በለስላሳው ይዞራል። ኩሽኔታው የደረቀው ወዲያው ይቆማል።

ቮልት

ካቻቪቴ፣ ስለ አይጂቢቲው ያልከው ገብቶኛል። በሂት ሲንኩና በአይጂቢቲው መሃል ያለው ቴርማል ፔስትስ (ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት)? እሱ ከደረቀ ፋኑ ቢሠራም አይበርድም።

ካቻቪቴ

ትክክል ነህ፣ ግን በሁለተኛ ደረጃ ነው የማየው። ሂት ሲንኩ ካልተፈታ ፔስቱን አትንካው። ከተፈታ ግን አሮጌው ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ አዲስ ስስ ሆኖ መቀባት አለበት፣ ከሥሩ የኤሌክትሪክ መከላከያ ሉህ ካለ ደግሞ ያለ እሱ መልሶ መግጠም ክልክል ነው። አንድ ምልክት ልስጥህ፤ ፔስት ወይም ብሎን ሲላላ ኮዱ የሚመጣው ቶሎ ነው፣ ከፍተኛ ኃይል በተሰጠ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ሂት ሲንኩ በአብዛኛው ገና ቀዝቃዛ ሆኖ። አየር ሲያጥር ግን ሙሉው ብረት እስኪግል ጊዜ ይወስዳል። የእመቤት ሩብ ሰዓት የአየር ሰዓት ነው።

እመቤት_ኩሽና

ወንድሜ የኤሌክትሪክ ሥራ ስለሚያውቅ አብረን ከፈትነው። የግራው ሂት ሲንክ ክንፎች መሃል ግራጫ የተጠቀጠቀ ሱፍ የመሰለ ነገር ሞልቶታል፣ በጥርስ ብሩሽ ስንጎትተው እንደ ጨርቅ ተያይዞ ወጣ። ከክንፎቹ ሥር የሞተ በረሮም ነበር። ቀኙ አቧራ አለው ግን ብርሃን በመሃሉ ያልፋል። ፋኑን በጣቴ ስገፋው የቀኙ ዞሮ ዞሮ ይቆማል፣ የግራው ግን ጣቴን ሳነሳ እዚያው ቆመ።

ካቻቪቴ

ፋን ቀይሪ። አንድ ጠብታ ዘይት ኩሽኔታው ላይ ለሙከራ ይሆናል፣ ግን በዚያ ሙቀት አይቆይም። ፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ቮልቱ 12 ሊሆን ይችላል፣ 18 ወይም 24ም ሊሆን ይችላል። ቮልቱ፣ አምፔሩ፣ ስፋቱና ውፍረቱ፣ የሽቦው ብዛት አንድ መሆን አለበት። ሦስት ሽቦ ያለው ከሆነ ሦስተኛው ፍጥነቱን ለቦርዱ የሚናገር ነው፣ በሁለት ሽቦ ብትተኪው ቦርዱ ፋን የለም ብሎ ሌላ ኮድ ያመጣል። የአየሩ አቅጣጫ ብዙ ጊዜ በፋኑ ጎን በቀስት ተመልክቶ ታገኚዋለሽ፣ እንደ ድሮው ግጠሚው። አዲሱን ከመግጠምሽ በፊት ከቦርዱ ውጪ፣ ቮልቱ በሚገጥም አዳፕተር ሞክሪው።

እመቤት_ኩሽና

ፋኑ ተገኘ፣ ተገጠመ። ዛሬ በግራዎቹ ሁለት ማብሰያዎች በአንድ ጊዜ ሁለት ድስት ከአንድ ሰዓት በላይ ሠራሁባቸው። አልወረደም፣ አልጠፋም። ፋኑ አሁን ቀጭን ድምፅ ነው ያለው። ካቻቪቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የሁላችሁንም። አንድ ነገር ብቻ፣ ቡስቱን (ለጥቂት ጊዜ ተጨማሪ ኃይል የሚሰጠውን ቁልፍ) ስጫነው ጎረቤቱ ማብሰያ ይቀንሳል። ይህም ብልሽት ነው?

ካቻቪቴ

እሰይ! ደስ ብሎኛል። ቡስቱ ብልሽት አይደለም፣ በአንድ ወገን ያሉት ሁለቱ አንድ ቦርድ ስለሚጋሩ አንዱ ከሌላው ይበደራል። ቡስት ከደቂቃዎች በኋላ በራሱ ቢወርድም አትደንግጪ፣ በጊዜ የተገደበ ነው። መሳቢያውን መልሺው፣ ግን ከረጢትና ፎይል ሌላ ቦታ ይሂድ፤ ከባድና ዝቅ ያለ ዕቃ ብቻ አስቀምጪበት።

ዳዊት_ከፎቅ

ሳህኑን ተውኩት፣ ብረት ድስት ገዛሁ፣ ይሠራል። አሁን ያለኝ ጭንቀት ሌላ ነው። ሶኬቱ ላይ የሚሰካው ራስ እጅ ያቃጥላል። ማከፋፈያ ላይ ነው የሰካሁት።

ባለመዳብ

ዛሬውኑ ንቀለው። 2000 ዋት በ220 ቮልት ከ9 አምፔር በላይ ነው፣ ቀጭን የማከፋፈያ ገመድ ለረጅም ሰዓት ይህን አይሸከምም። ግድግዳው ላይ በቀጥታ ሰካው። ግድግዳው ላይም ሆኖ ከጋለ የሶኬቱ ምላስ ላልቷል ማለት ነው፣ ሶኬቱን አስቀይር። ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ወይም ቀልጦ ካየህ የስቶቩ ራስም አብሮ ይቀየር፤ አንዴ የጋለ ንክኪ ኦክሳይድ ይይዛል፣ አዲስ ሶኬት ውስጥም ገብቶ ያንን ያበላሻል።

ጀማሪ_ጠጋኝ

እኔ ደግሞ ሦስተኛው ዓይነት ነኝ። ማታ ሙሉ ያደረ ቀዝቃዛ ስቶቭ እንዳበራሁት የሙቀት ኮድ ያመጣል፣ አንዱ ማብሰያ ላይ ብቻ። ሴንሰሩ ነው ብዬ ኮይሉ መሃል ያለውን ነቅዬ በመልቲሜትር ለካሁ። 4 ኪሎ ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ይላል። ልክ ነው አይደለም?

ካቻቪቴ

ጎረቤቱን ማብሰያ ለካ፣ መልሱ እዚያ አለ። በአንድ ስቶቭ ላይ የኮይል ሴንሰሮች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። ብዙዎቹ በ25 ዲግሪ 100 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም፣ ስለዚህ ጎረቤቱ ነው ዳኛው። እነዚህ ሴንሰሮች ሲሞቁ ኦማቸው ይወርዳል። ጎረቤቱ 100 ብሎ የአንተ በክፍሉ ሙቀት 4 ካለ፣ ቦርዱ ያንን ሲያይ በጣም የጋለ ድስት ነው የሚመስለው። ሁለቱንም በጣትህ ጨብጠህ እያቸው፤ ጤነኛው ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ስትለቀው ይመለሳል።

ጀማሪ_ጠጋኝ

ጎረቤቱ 97 ይላል፣ ስጨብጠው ይወርዳል። የኔው 4 ላይ ቆሟል፣ ብጨብጠውም አይንቀሳቀስም።

ካቻቪቴ

ሞቷል። በተመሳሳይ ዋጋ ተካው፣ ሁለት ቁጥር አለው፤ በ25 ዲግሪ ያለው ኦም፣ እና ሲሞቅ ኦሙ በምን ያህል እንደሚወርድ የሚያሳየው ቤታ የሚባለው፣ ሁለቱም መመሳሰል አለባቸው። ኦሙ ልክ ሆኖ ቤታው ከተለየ ቀዝቃዛ ላይ ደህና ይመስልና ሲሞቅ በተሳሳተ ሰዓት ያጠፋል፣ ወይም ማጥፋት ባለበት ሰዓት አያጠፋም። ስትገጥመው ራሱ መስታወቱን መንካቱን አረጋግጥ። ብዙዎቹ ጫፋቸው ላይ ነጭ ፔስት አላቸው፣ አሮጌውን ጥረግና ትንሽ አዲስ ቀባ። ሽቦው ከኮይሉ ጋር እንዳይነካካ ሙቀት የሚችለውን የቀድሞ ሽፋኑን መልሰህ አልብሰው። ከዚያ በውሃ ድስት ጀምር፣ ዘይት ያለበት መጥበሻ መጨረሻ ላይ ይሁን፣ እሱንም ስትሞክር ከአጠገቡ አትራቅ።